የሚሰበስብ ጽዋና የሚበትን ጽዋ

ስለ ጠላ፣ ስለ መሰንቆና ስለ ክርስቲያናዊ ደስታ የቀረበ ትምህርት

የንባብ ክፍሎች፦ ሲራክ 31፥25-31 እና 32፥1-13፤ አሞጽ 6፥1-7፤ ዮሐንስ 2፥1-11
(የመጽሐፈ ሲራክ የምዕራፍ ቁጥር እንደ እትሙ ሊለያይ ስለሚችል መምህራን አስቀድመው ይመልከቱ።)



መከሩ ተሰብስቦ እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ የልደትና የጥምቀት በዓልም ሲቃረብ፣ በጎጃም ደጋ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቁይ፣ ከቁይም እስከ ሞጣና እስከ መርጡለ ማርያም ድረስ የየቤቱ ጋን በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ጢስም ይታጠናል። በዓሉ በደረሰ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል፤ ሽማግሌው ይመርቃል፤ ዋንጫው ይዞራል፤ አዝማሪውም መሰንቆውን ቃኝቶ ግጥሙን ይጀምራል። ይህ ሁላችንም የምናውቀው የሀገራችን ሥርዓት ነው።

በዚህ ወቅት ታዲያ ከምእመናን፣ በተለይም ከወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል፤ ይኸውም «አባ፣ ክርስቲያን ጠላ ከሚጠጡና በመሰንቆ ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር መቀመጥ ይገባዋልን?» የሚል ነው። አንዳንዶች ፈጽሞ አይገባም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ባህል እስከሆነ ድረስ ነውር የለበትም ብለው ነገሩን በአጭሩ ይዘጉታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን በግጭት ከተመታ ወዲህ ጥያቄው ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል፤ ስንት ቤት ሐዘን ተቀምጦ ሳለ እኛ እንዴት ዘፈን እንሰማለን የሚሉ አሉና።

መልሱ «አዎን» ወይም «አይሆንም» በሚል አንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ጽዋ ሲናገር ምን ያህል ተጠጣ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ጽዋው ሰውን ሰበሰበ ወይስ በተነ ብሎም ይጠይቃል። እኛም በዚህ ትምህርት ይህንኑ መለኪያ ይዘን እንሄዳለን።

1. ጠላ ከወዴት ይመጣል?

ሰው የሚያመሰግንበትን ነገር አውቆ ሊያመሰግን ይገባዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ጠላው እንዴት እንደሚጠመቅ እንመልከት። ባለሙያዋ ጌሾውን ወቅጣ በውኃ ትጠነስሳለች፤ ገብሱን ነክራ ታበቅላለች፤ አድርቃና አስፈጭታ ብቅሉን ትጨምርበታለች፤ ከእህሉ ዱቄት ቂጣ ጋግራ ወይም አንኩራ ትቀላቅለዋለች፤ ከዚያም ድፍድፉን በጋን አድርጋ አፉን ትከድናለች። ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ግን እርሷ አትሠራውም፤ ቀን ቆጥራ ትጠብቃለች እንጂ። ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን፣ እርሾ የምንላቸው፣ የእህሉን ጣፋጭ ወደ መጠጥ ይለውጡታል። ሰው ይደክማል፤ የሚያፈላውን ኃይል ግን በፍጥረት ውስጥ ያኖረው እግዚአብሔር ነው።

እንግዲህ ጠላ ሕያው መጠጥ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ፋብሪካው ቢራ አልተጣራም፤ በሙቀትም እርሾው አልሞተም፤ በጋኑ ውስጥ ሆኖ እየፈላ ይቀዳል። ይህን የመሰለውን መጠጥ የሚወድዱ ሕዝቦች በሌላም አገር አሉ። በእንግሊዝ አገር በበርሜሉ ውስጥ እየበሰለ የሚቀዳው የጥንቱ ቢራ በፋብሪካ ምርት ተውጦ እንዳይጠፋ የሚከራከር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 ተቋቁሞ፣ መጠጥ ወዳዶች በየከተማው ተገናኝተው ዘፈን እየሰሙ የሚጫወቱባቸው በዓላት እንዲለመዱ አድርጓል። በቤልጅግ አገር የትራፒስት መነኮሳት በገዳማቸው ቅጥር ቢራ ጠምቀው ገቢውን ለገዳማቸው መተዳደሪያና ለምጽዋት ያውሉታል። በላቲን ሥርዓት የቡራኬ መጽሐፍ ውስጥም ለቢራ የተለየ ጸሎት ይገኛል፤ ካህኑ መጠጡ ለሰው ልጅ ጤናና በረከት እንዲሆን ይለምናል። ቤተ ክርስቲያን የእህልን መጠጥ ከፈጣሪ ስጦታዎች እንደ አንዱ እንጂ እንደ ርኩስ ነገር እንዳልተመለከተችው ከዚህ እንረዳለን።

መዝሙረኛው ዳዊትም (መዝ 104፥14-15) እግዚአብሔርን ሲያመሰግን እንጀራውን፣ ዘይቱንና የሰውን ልብ ደስ የሚያሰኘውን ወይን በአንድ ላይ ይቈጥራል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በስብከቱ ወይንና ስካርን ለይቶ ያስተምራል፤ የመጀመሪያው የእግዚአብሔር ሥራ፣ ሁለተኛው የሰው ጥፋት መሆኑን እየገለጠ። ስለ ወይን የተባለው ስለ ጠላም እንዲሁ ነው።

2. ጋኑ ጎረቤት ይጠራል

ጠላ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጠባይ አለው። ድፍድፉ አንድ ጊዜ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ብዙ ቀን አይቆይም፤ ይኮመጥጣል። አንድ ጋን ጠላ ደግሞ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ በጥቂት ቀን ጠጥቶ የሚጨርሰው አይደለም። ስለዚህ ጠላ የጠመቀ ሰው ወድዶም ሆነ ሳይወድ ደጁን መክፈት አለበት፤ ካልከፈተ ድካሙ ሁሉ ለከብት አተላ ይሆናል። ከሰማይ ይወርድ የነበረው መና ለነገ ባስቀመጡት ጊዜ እንደተበላሸ በኦሪት ዘጸአት (ምዕ 16) እናነባለን፤ የጠላውም ጋን በመጠኑ ይህንኑ ያስተምረናል። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው የአበው ምሳሌ ከዚህ ኑሮ የተገኘ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ መጠጥ ዙሪያ የሠሩትን ሥርዓት ብንመረምር ከወንጌል የራቀ ሆኖ አናገኘውም። ቀጂው ለእንግዳው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ «ለእኔ ያልወደድሁትን ለአንተ አልሰጥም» ማለቱ ነው። ሽማግሌው ሳይመርቅ ማንም አይጠጣም። ለደቦና ለወንፈል የወጣው ሰው ጌታና ሎሌ ሳይባል ከአንድ ጋን ይቀዳለታል። በጽዋ ማኅበር ተራ የደረሰው ሰው ባልንጀሮቹን በቤቱ ይቀበላል፤ በሕመም ምክንያት የቀረ ቢኖር ድርሻው እስከ ቤቱ ይላክለታል። ሠርግ የደገሰ ድኻ ጠላው እንዳያልቅበት ሲሰጋ ጎረቤቶቹ እንስራቸውን ተሸክመው ይደርሱለታል።

እኛ ካቶሊካውያን በዚህ ምድር ቁጥራችን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር አጥር ለአጥር ተያይዘን ነው። ስለ ሃይማኖት ጉዳይ በጉባኤ ተቀምጠን ልንነጋገር የማንችለውን ያህል በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠን አብረን እንበላለን፤ አብረን እንጠጣለን፤ ልጆቻችንን አብረን እንድራለን። ይህን ትልቅ ጸጋ በቸልታ እንዳንመለከተው ያስፈልጋል። ከጎረቤቱ ግብዣ ያለ ምክንያት የሚቀር ክርስቲያን ራሱን ከኃጢአት የጠበቀ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ጌታችን ራሱ ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር በማዕድ በመቀመጡ በላተኛና ወይን ጠጪ ተብሎ እንደተሰደበ (ሉቃ 7፥34) ያስታውስ።

3. መሰንቆውና ተቀባዩ

መጽሐፈ ሲራክ ግብዣና ሙዚቃ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ በዝርዝር ያስተምራል። ጠቢቡ በ32ኛው ምዕራፍ በማዕድ ላይ የተሾመው ሰው እንዳይታበይ፣ እንደ ሌሎቹ ሆኖ እነርሱን አስቀድሞ እንዲያስብ ይመክራል። ሽማግሌ እንዲናገር ይፈቅዳል፤ ሆኖም ዜማውን እንዳያቋርጥ ያስጠነቅቃል። በመልካም መጠጥ ላይ የሚሰማ ዜማን በወርቅ ላይ ከተቀመጠ የከበረ ድንጋይ ጋር ያነጻጽረዋል። ወጣቱም ሲጠየቅ በአጭሩ እንዲናገር፣ ሁሉም በሰዓቱ ተነሥቶ ወደ ቤቱ እንዲገባና በመጨረሻው በመልካም ነገር ያጠገበውን ፈጣሪ እንዲያመሰግን ያዝዛል። ይህን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ጠቢቡ በጎጃም ድግስ ላይ ተቀምጦ የጻፈው ሊመስለው ይችላል።

የእኛ መሰንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ያላት ናት። አዝማሪው በዚያች አንዲት አውታር ሐዘኑንም ደስታውንም ያሰማል። ሥርዓቱ ግን በአዝማሪው ብቻ አይፈጸምም፤ ከተቀመጡት አንዱ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ቤቱም ያጅበዋል። ሰምና ወርቁን የፈታ ይስቃል፤ ያልፈታው ጎረቤቱን ይጠይቃል። በዚህ ዓይነት ሙዚቃውን ሁሉም በጋራ ይሠራዋል እንጂ ዳር ሆኖ የሚያዳምጥ ብቻ የለም። በግዕዝም ሆነ በላቲን ሥርዓት ቅዳሴ ካህኑ ሲያሰማ ሕዝቡ የሚመልስበትን ሥርዓት የሚያውቅ ክርስቲያን የመቀባበልን ጥቅም ሊስተው አይችልም። ደረጃውና ዓላማው የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም፣ ሁለቱም ሰው ለብቻው ምሉእ እንዳልሆነ ይናገራሉ።

የጎጃም ምድር ከዚህ የሰፉ በዓላትም አሉት። በአዊ ምድር በእንጅባራ ጥር 23 ቀን በየዓመቱ የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓሉ በፈረስ ጉግሱ፣ በዘፈኑና በግብዣው ይታወቃል። የማኅበሩ ፍሬ ነገር ግን አባላቱ በደስታና በሐዘን መረዳዳታቸው፣ የተጣላውንም ማስታረቃቸው ነው። በዓል የሚለካው በዕለቱ ጩኸት ሳይሆን በማግሥቱ በሚቀረው ወዳጅነት መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ብዙዎቻችን ዘፈኑን እየወደድን ዘፋኙን እንንቃለን። አዝማሪውን ሌሊቱን ሙሉ ካስደሰተን በኋላ ከደጅ እናበላዋለን፤ ልጁ ልጃችንን ቢጠይቅ ዘር ቆጥረን እንመልሰዋለን። ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገውንም ሴት እንዲሁ እናደርጋታለን፤ በደጇ በተተከለው እንጨት ላይ የተደፋውን ጣሳ ዐይተን እንገባለን፤ ጠላዋን ጠጥተን በአሽሙር እንነካታለን፤ ሒሳቧን ሳንከፍል «ነገ» ብለን እንወጣለን። ወዳጆቼ፣ ደስታችንን ያዘጋጀልንን ሰው የምንንቅበት ጽዋ የተባረከ ጽዋ አይደለም። በመዝሙር 150 እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ ከተጠሩት የዜማ ዕቃዎች መካከል አውታር ያለው መሣሪያ እንደሚገኝ እያወቅን፣ አውታሩን የሚመታውን እጅ ማዋረድ እንዴት ይገባናል?

4. ጽዋ የሚበትነው መቼ ነው?

እስከ አሁን የሚሰበስበውን ጽዋ ተመልክተናል። የሚበትነውንም በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው፤ ዝም ብንል እረኞች አይደለንምና።

ነቢዩ ኢሳይያስ (5፥11-12) ከማለዳ ጀምረው መጠጥ የሚከታተሉትን፣ በግብዣቸውም በገናና ከበሮ እያሉ የእግዚአብሔርን ሥራ የማይመለከቱትን ወዮላቸው ይላል። የነቢዩ ወቀሳ መጠጡንና ሙዚቃውን በስማቸው እየጠራ የመጣ መሆኑን እናስተውል። እንግዲህ ዜማና ጠላ ስላሉ ብቻ በዓሉ መልካም ይሆናል ማለት አይደለም። ከማለዳ የተጀመረው መጠጥ እስከ ማታ ሲዘልቅ፣ በሬው ሳይጠመድ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይላክ፣ የዘር እህሉ ወደ ጠላ ቤት ሲሄድ፣ ያ ጽዋ ቤት እየበተነ ነው።

ሁለተኛው የመበተን ምልክት ማስገደድ ነው። «በሞቴ ጠጣ» እያልን ባልንጀራችንን ከዓቅሙ በላይ የምናጠጣበት ልማድ በፍቅር ስም የሚፈጸም በደል ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ፤ ከመጠጥ ባርነት በብዙ ትግል የወጣ ሰው አለ፤ ስለ ስእለቱ የተወ ሰው አለ። ቅዱስ ጳውሎስ (ሮሜ 14፥21) ወንድምን የሚያሰናክል ከሆነ ከመብልም ከመጠጥም መከልከል እንደሚሻል ያስተምራል። ቅዱስ ቤነዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የገዳም ሥርዓት 40ኛ ምዕራፍ ለመነኮሳቱ የቀን መጠን ያለው ወይን ከፈቀደ በኋላ፣ ፈጽመው ለመተው ጸጋ የተሰጣቸው የራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው ይገልጻል። እኛም እንግዳችን «ይበቃኛል» ሲል ማመን፣ ውኃ ወይም ቡና ሲጠይቅ በደስታ ማቅረብ አለብን። ጠቢቡ ሲራክ (31፥31) በመጠጥ ማዕድ ላይ ባልንጀራን መዝለፍና ብድር መጠየቅ እንደማይገባ ጨምሮ ይመክራል። በጠላ ቤት ውስጥ ሒሳብ ሲተሳሰቡ፣ የርስት ነገር ሲነሣ፣ የቆየ ቂም ሲቀሰቀስ ስንት ጠብ እንደተጀመረ፣ ከዚያም ስንት ደም እንደፈሰሰ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ከጠላ ወደ አረቄ የሚደረገው ጉዞ ነው። ጠላ በመቶ ከ2 እስከ 6 ገደማ አልኮል ሲኖረው፣ በቤት የሚወጣው አረቄ ብዙ ጊዜ ከ30 በላይ ይሆናል። ጠላ ቀስ ብሎ እየተጫወቱ የሚጠጣ፣ በጋን የሚቀመጥና ሰው የሚሰበስብ ነው። አረቄው ግን በጠርሙስ ይቆያል፤ በኪስ ይያዛል፤ በማለዳ በባዶ ሆድ፣ ያለ ባልንጀራና ያለ ምርቃት ይጨለጣል። ወጣቶቻችን ሥራ በማጣትና ተስፋ በመቁረጥ ወደዚህ ሲሄዱ ማየት ያሳዝናል። እነርሱን መገሠጽ ብቻ አይበቃም፤ ምን አጥተው እንደሄዱ መጠየቅም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ያጡት ሥራንና ሰውን ነው።

ስለ ጤናም ዛሬ የሚታወቀውን ሳንደብቅ እንናገር። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ፈጽሞ የማያሰጋ ነው ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ስለዚህ ጠላ መድኃኒት ነው ብሎ መመካት ትክክል አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ልትጠጣ አይገባትም፤ ሕፃናትም «ቅራሪ ነው» ተብሎ ሊሰጣቸው አይገባም። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1112) ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2290) ከመጠን ያለፈ መጠጥን ሁሉ እንድንርቅ ያስተምራል፤ ሰክሮ መኪና በመንዳት የራሱንና የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ሰውም በከባድ ኃጢአት እንደሚጠየቅ ያስረዳል። ባጃጅና ሞተር ብስክሌት በገጠር ከተማችን ሁሉ በበዙበት በዚህ ዘመን ይህ ትምህርት ለሩቅ አገር ሰዎች ብቻ የተጻፈ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስንል ደስታን ራሷን መክሰሳችን አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስካርን ከኃጢአት ይቈጥራል፤ ነገር ግን ጨዋታን ፈጽሞ የማይወድድንና የሌላውን ደስታ የሚያደናቅፍን ሰውም ይነቅፋል። በልክ መደሰት ራሱ ከምግባር ወገን ነው።

5. ሐዘን በጎረቤት ሳለ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ግጭት ብዙ ቤት ባጎደለበት፣ እናቶች ልጆቻቸውን በሚጠብቁበት፣ መንገድ በተዘጋበትና ሥራ በቆመበት ወቅት በዓልን በጠላና በመሰንቆ ማክበር ይገባልን?

ነቢዩ አሞጽ (6፥4-6) በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ በበገና ድምፅ እየተንጫጩ፣ ወይኑን በትልልቅ ዋንጫ እየጠጡ የነበሩትን የሰማርያ ባለጸጎች አምርሮ ይወቅሳል። የወቀሳው መደምደሚያ ግን በዋንጫውና በዜማው ላይ አልቆመም፤ በዮሴፍ ቤት ላይ ስለደረሰው ጥፋት አለማዘናቸውን በመንገር ይፈጸማል። ኃጢአታቸው ከዚህ ላይ ነው፤ በጠጡ ጊዜ ወንድማቸውን ረሱት።

ስለዚህ የነቢዩን ቃል ይዘን ለጥያቄው እንዲህ እንመልሳለን። ያዘነውን የሚያስረሳ በዓል ኃጢአት ነው፤ ያዘነውን የሚያስብ በዓል ግን ምሕረት ሊሆን ይችላል። የሀገራችን ሰው ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል። በመንደሩ ለቅሶ ካለ መሰንቆው ከግድግዳ አይወርድም፤ ሠርግም ቢሆን ከበሮው ይቆማል ወይም ቀኑ ይተላለፋል። ለሐዘንተኛው የሚሄደው ጎረቤት ባዶ እጁን አይሄድም፤ እንጀራና ጠላ ይዞ ይሄዳል። ያው ጋን፣ ያው ጠላ፣ በሠርግ የዘፈነው ያው ጎረቤት በለቅሶ ቤት ዝም ብሎ ይቀዳል። ሐዘንተኛው ቀኑ ደርሶ ወደ ሰው መካከል ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያውን ጽዋ የሚያቀብለው ይኸው ማኅበር ነው። ደስታን ፈጽሞ ከመካከላችን ብናጠፋ፣ ሐዘንተኛው የሚመለስበትን ቤት አብረን አጠፋንበት ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም (ሮሜ 12፥15) ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ መሰኘትን፣ ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስን በአንድ ቁጥር አስተሳስሮ ያዘዘን ሁለቱ የአንድ ፍቅር ሥራዎች ስለሆኑ ነው።

6. ከቃና እስከ መንግሥተ ሰማያት

ጌታችን የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው በሠርግ ቤት መሆኑ ድንገተኛ ነገር አይደለም። በቃና የነበሩት ስድስቱ የድንጋይ ጋኖች እያንዳንዳቸው ከ80 እስከ 120 ሊትር ገደማ የሚይዙ እንደነበሩ ሊቃውንት ያሰላሉ። በደጋሹ ቤት መጠጥ ሲያልቅ አስቀድማ ያስተዋለችው እመቤታችን ናት። ማንም ሳይነግራት የሰውን ኀፍረት ዐየች፤ ነገሩን ለልጇ ነገረች፤ አገልጋዮቹንም ወደ እርሱ መራች። በድግስ ቤት የሚያስፈልገው ዓይን ይህ ነው፤ የራስን ዋንጫ ሳይሆን የጎደለበትን ሰው የሚያይ ዓይን።

በቆሮንቶስ የነበሩት ምእመናን ግን ይህን ዓይን አጥተው ነበር። ለጌታ እራት በተሰበሰቡ ጊዜ አንዱ ተርቦ ሌላው ይሰክር እንደነበር ቅዱስ ጳውሎስ (1ኛ ቆሮ 11፥20-22) በኀዘን ጽፎላቸዋል። የተከፋፈለ ማዕድ የጌታን ማዕድ ያዋርዳል። እሑድ ከአንድ ጽዋ የሚሳተፍ ክርስቲያን ሰኞ በጠላ ቤት ወንድሙን ቢሰድብ፣ ሚስቱን ቢደበድብ፣ የልጆቹን እህል ቢጠጣ የእሑዱን ጽዋ በሰኞው ጽዋ ይክዳል። የቤታችን ዋንጫና የመሠዊያው ጽዋ አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን የሚይዛቸው እጅ አንድ ነው።

ጌታችን በመጨረሻው እራት (ማቴ 26፥29) ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በአባቱ መንግሥት አዲሱን እንደሚጠጣ ተስፋ ሰጥቷል። ዘላለማዊውን ሕይወት በግብዣ መስሎ ማስተማሩን እናስተውል። ከባልንጀሮች ጋር በሰላም የጠጣናት እያንዳንዷ ጽዋ የዚያ ግብዣ ጥላ ልትሆን ትችላለች።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ በዓሉ ሲደርስ ጋኑን አጥቡ፤ ደጁንም ክፈቱ። ያልተጠራውን ጥሩ፤ የተጣላችሁትን አስቀድማችሁ ታረቁ፤ ሐዘንተኛው ዘንድ ድርሻውን ላኩ። ለጠማቂዋ ዋጋዋን፣ ለአዝማሪው ክብሩን ስጡ። የማይጠጣውን አታስገድዱ። ጠቢቡ እንዳዘዘው በሰዓቱ ተነሡ፤ ስትነሡም ያጠገባችሁን አመስግኑ። የቃናዋ እመቤት የድንግል ማርያም ጸሎት፣ ከዚሁ ከጎጃም ምድር የተገኘው የብፁዕ ገብረ ሚካኤል ሰማዕት አማላጅነት አይለየን። ለሀገራችንም ሰላሙን ይስጥልን። አሜን።

ለመምህራን የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን ካሉት የድግስ ልማዶች ሰውን የሚሰበስቡት የትኞቹ ናቸው? የሚበትኑትስ?
2. «በሞቴ» እያሉ ማስገደድን በምን መልካም ልማድ ልንተካው እንችላለን?
3. ጠላ ሻጮችንና አዝማሪዎችን በቁምስናችን እንዴት እንቀበላቸዋለን?
4. በዘንድሮው በዓል ከጎረቤቶቻችን መካከል ጽዋ ሊላክለት የሚገባው ሐዘንተኛ ወይም ሕመምተኛ ማን ነው? ማን ይወስድለታል?